ያመኑት መካኒክ

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለው ተረት የተነገረው ሰው ፈረሱን በዓይኑ መርምሮ ይገዛ በነበረበት ዘመን ነው። ገዢው ከንፈሩን ገልጦ በጥርሱ ዕድሜውን ይገምታል፤ ኮቴውን አንሥቶ ያያል፤ ወዲያ ወዲህ አስኪዶ አካሄዱን ይመለከታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈረሱ ቢጥለው እንኳ የጣለው ራሱ ያየውና የመረመረው ፈረስ ነው። በገዳሪፍና በመተማ መካከል ሰሊጥና ማሽላ ጭኖ የሚመላለስ ባለ መኪና ግን ይህን ያህል ዕድል የለውም። ጥሪቱን ሁሉ ያፈሰሰበት የናፍጣ ሞተር በብረት የተዘጋ ነው። ሲታመም ያጨሳል፣ ያንኳኳል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፤ የሕመሙን ስም ግን አይናገርም። ስሙን የሚናገርለት መካኒኩ ነው። ሐኪሙም፣ መድኃኒት ሻጩም፣ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እሱው ነው።

«ታማኝ መካኒክ ከየት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት የገበያ ጥያቄ ይመስላል። በየሻይ ቤቱ ይጠየቃል፤ መልሱም አንድ ስምና አንድ የስልክ ቁጥር ሆኖ ያልቃል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ነገሩ ከገበያ ያለፈ ነው። አንዱ ያውቃል፤ ሌላው አያውቅም። የማያውቀው ገንዘቡንና ሕይወቱን ለሚያውቀው ያስረክባል። የሚያውቀው ቢያታልል ደግሞ ማታለሉ የሚታወቅበት መንገድ ጠባብ ነው። እንዲህ ባለ ግንኙነት ውስጥ እምነት በምን ላይ ሊቆም ይችላል? ለእምነቱስ ተጠያቂው ማን ነው? የታመነው ብቻ ነው ወይስ ያመነውም ጭምር?

ጥያቄው በየትም አገር ሊነሣ የሚችል ቢሆንም በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ላይ ልዩ ክብደት አለው። ገዳሪፍ ከሞተር ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። የባቡር ሐዲዱ ከከሰላ ተነሥቶ የደረሰላት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1944 ደግሞ በአቅራቢያዋ በጋዳምባሊያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የዝናብ እርሻ ተጀመረ። ጥቁሩን መሬት ትራክተር ሲያርሰው፣ ምርቱን ሎሪ ሲያነሣው፣ ሁለቱም ሲሰበሩ የሚጠግናቸው ወርሻ በዙሪያቸው በቀለ። የሱዳን መካኒኮች ቤድፎርድ ሎሪን ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላም ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ያቆዩ ሰዎች ናቸው። ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በተለምዶ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት፣ ቀጥሎ አይሱዙ፣ ኋላም ሲኖትራክ በየተራ መንገዱን ይዘውታል።

መንገዱ ራሱ ፈታኝ ነው። ከገዳሪፍ በዶካ በኩል እስከ ገላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሜዳ ነው፤ በበጋ አቧራና ሙቀት፣ በክረምት ደግሞ መኪና የሚውጥ ጭቃ አለበት። ድንበሩ ክፍት ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር መኪና ከመተማ ዮሐንስ በገንደ ውኃና በነጋዴ ባሕር አልፎ ወደ አይከልና ወደ አዘዞ ይወጣል። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሞተር በአንድ ጉዞ ውስጥ የቆላውን ትኩሳትና የደጋውን ስስ አየር ይቀበላል። በመንገዱ መካከል ቢሞት ከጭነቱ ጋር በረሃ ላይ ያድራል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢከዳ ግን ማደርም የለም።

የናፍጣ ሞተር ከሌላው ይልቅ ምስጢረኛ የሆነበት ምክንያትም አለ። ናፍጣ የሚነድደው በካንዴላ ብልጭታ አይደለም። ሞተሩ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው እንደ ጉም ተረጭቶ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን በልክና በሰዓቱ የሚያደርሰው ፖምፓው ሲሆን የሚረጨው ኖዝል ደግሞ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው በመሆኑ ውኃ ወይም የመብራት ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ውስጡን ይበላዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ንጹሕ ጠረጴዛና መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል። በነፋስና በአቧራ መካከል በመንገድ ዳር ሲፈታ ያየ ሰው መካኒኩ ደፋር መሆኑን እንጂ ዐዋቂ መሆኑን አላየም።

የዕውቀቱ አለመመጣጠን ምን እንደሚያስከትል ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ መኪና ጥቁር ጭስ ያጨሳል እንበል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ለአየሩ በዝቶበታል ወይም አየሩ ለናፍጣው አንሶታል ማለት ነው። ምክንያቱ በመኸር አቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያውን መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተበላ ፖምፓም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ጭሱ ግን ያው አንድ ጭስ ነው። መካኒኩ ማጣሪያውን ለውጦ «ፖምፓህን አደስኩልህ» ቢል ጭሱ ይጠፋል፤ ደንበኛውም አመስግኖና ከፍሎ ይሄዳል። የተታለለው ሰው መታለሉን ሳያውቅ የሚያመሰግንበት ሙያ ብዙ አይደለም።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለዚህ ዓይነቱ ገበያ ጽፏል። የመረጠው ምሳሌ ያገለገሉ መኪኖችን ንግድ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ነውር ሲያውቅ ገዢው ግን ካላወቀ፣ ገዢው መልካሙንና ክፉውን መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ መልካም መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ለክፉዎቹ ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሐሳቡ ወደ ወርሻው ሲመጣ የሚለው ግልጽ ነው፤ ደንበኞች ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው ካልለዩና ዋጋ ብቻ ከተከተሉ፣ ጊዜ ወስዶ በጥንቃቄ የሚሠራው መካኒክ ኪሳራ ላይ ይወድቃል። ሐቀኝነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር ሳይሆን የሚያኖረው ገበያም ይፈልጋል።

በድንበሩ ላይ ደግሞ አለማወቁን የሚያብሰው የቋንቋ ነገር አለ። የኢትዮጵያ መካኒክ የሙያ ቃላቱን ከጣሊያንኛ ወርሷል፤ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ ይላል። የሱዳኑ ባልደረባ በዓረብኛና ከእንግሊዝኛ በተወሰዱ ቃላት ይሠራል፤ መለዋወጫ ለእሱ «ኢስቢር» ነው። በኢትዮጵያ ናፍጣ የሚባለው በሱዳን «ጃዞሊን» ይባላል። ሱዳናዊው ፖምፓውን «ጡሩምባ» ሲለው፣ ገና የመጣ ሹፌር የመኪናው ጥሩምባ ተበላሸ የተባለ ሊመስለው ይችላል። በዚህ ክፍተት ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ ባይ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱም ወገን ድርሻውን የሚቆርጥ ደላላ ነው። ሹፌሩ መካኒኩን አምኖ ነው ወይስ ደላላውን? ብዙዎች ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ከከፈሉ በኋላ ነው።

«ታማኝ» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ የሚያስተምረው ነገር አለ። ቃሉ «ታመነ» ከሚለው የወጣ ነው፤ «ታመነ» ማለት ደግሞ ሌላው አመነው ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ለብቻው ቆሞ ታማኝ ሊባል አይችልም፤ የሚያምነው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። የዓረብኛው «አማና» ከዚሁ ከጥንቱ ሥር የበቀለ የግእዙ «አመነ» ዘመድ ነው። ዓረብኛው ግን በዚህ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ ታማኝነትንና በሰው እጅ የተቀመጠውን ዕቃ። አማርኛ ለሁለተኛው የራሱ ቃል አለው፤ «አደራ» ይለዋል።

ልዩነቱ ከሰዋስው ያልፋል። እምነት የሚያምነው ሰው ስሜት ነው፤ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። አደራ ግን የተቀበለው ሰው ሸክም ነው። ደንበኛው መካኒኩን እየጠረጠረው፣ ሌላ አማራጭ አጥቶ ብቻ ቁልፉን ቢሰጠው እንኳ፣ መኪናው ወርሻው ከገባ በኋላ አደራ ሆኗል። «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በግብጽ በዓረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የሚደነግገው አለው። «አንተ መቼ አመንከኝና!» የሚል መካኒክ ከደንበኛው ጥርጣሬ ለራሱ ፈቃድ ሊያወጣ ይሞክራል። አደራ ግን እንዲህ ያለውን ሰበብ አይቀበልም።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ በገዳሪፍ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መካኒክ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የአገር ልጅ አለ ወይ?» ብሎ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ይህ ጥያቄ ምክንያት አለው። የአገር ልጅ ቋንቋው ይገባል፤ ኤንትሬና አይሱዙ ላይ እጁን ያፈታ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ቢበድል የሚጠየቅበት ሸንጎ አለ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ይገናኛሉ፤ ለቅሶና ሠርግ ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሽማግሌ ሊላክበት ይችላል። በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ለመቆም ወረቀትም ጊዜም ለሌለው ሰው ይህ ሸንጎ ትልቅ ዋስትና ነው።

ዳሩ ግን ዝምድና ስለ ሰውየው ልብ አንድ ነገር ሊነግር ይችል ይሆናል እንጂ ስለ እጁ ምንም አይነግርም። ደግ የአገር ልጅ ፖምፓ ላያውቅ ይችላል፤ ደግነቱም የተበላውን ብረት አይመልሰውም። ከዚህ የባሰው ይሉኝታ ነው። ባለ መኪናው የማያውቀውን ሰው «አሮጌውን ዕቃ አሳየኝ፤ ደረሰኝ ስጠኝ፤ ይህ ዋጋ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የአገሩን ልጅ ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ «ጠረጠረኝ» እንዳይባል ዝም ይላል። መካኒኩም በበኩሉ «ይህን ሥራ አልችለውም» ማለት ያፍራል፤ ወገኑን መመለስ ክህደት ይመስለዋል። ሁለቱም ተፋቅረው፣ ሁለቱም ዝም ተባብለው ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያም ጠቡ ከሁለት ነጋዴዎች ጠብ የከፋ የወንድማማች ጠብ ይሆናል። በዝምድና መካከል የሚገባው ጥያቄ ከዝምድናው ጋር እንደማይጣላ መረዳት ከባድ ቢሆንም አስፈላጊ ነው፤ ወንድም ወንድሙን አሮጌውን ኩሽኔታ እንዲያሳየው መጠየቁ ፍቅሩን አይቀንሰውም።

የዚህ ግልባጭ የሆነ ስሕተትም አለ፤ ባዕድ ሁሉ አታላይ ነው ብሎ መነሣት። ባለ መኪናው በአንድ የሱዳን ወርሻ የከፈለው ገንዘብ ቢቆጨው ሱዳናውያንን ሁሉ ይከስሳል፤ ሱዳናዊውም በአንድ ሳይከፍል በጠፋ ሹፌር የተነሣ ሐበሻን ሁሉ ይጠረጥራል። አንድን ሰው በሕዝቡ መመዘን ድካም ይቀንሳል፤ ዳኝነቱ ግን የተሳሳተ ነው። ለገዳሪፍ ጥቁር መሬትና ለአቧራው የሚበጀውን፣ በሚያዝያ ሙቀት ራዲያተር እንዴት እንደሚያዝ ከማንም በላይ የሚያውቀው እዚያው ተወልዶ እዚያው ብረት ሲፈታ ያደገው ሰው ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መመዘኛ ስም ነው። በአንድ ወርሻ 20 ዓመት የሠራ ሰው ስሙ ከእሱ ቀድሞ ይሄዳል። ስም ጥሩ ምስክር የሚሆነው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» በሚለው ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ ማታለል ይቻላል፤ ለዓመታት ብዙ ሰው ማታለል ግን አይቻልም። ስም ግን ጊዜና የጸና ቦታ ይፈልጋል። ይህ አካባቢ ደግሞ ሁለቱንም አጥቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ አሥር ሺዎች ድንበር ተሻግረው በገዳሪፍና በከሰላ ክፍላተ ሀገር ሰፈሩ። ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተሰደደው ሕዝብ ወደ ምሥራቁ ጎረፈ። የገላባትና የመተማ በርም ከ2020 ወዲህ ደጋግሞ ተዘግቶ ደጋግሞ ተከፍቷል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በካርቱም ስም የነበረው መካኒክ በገዳሪፍ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ ካቻቢቴውን ይዞ ይቆማል። 20 ዓመት የገነባው ስም በአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሹፌሩም እንደዚሁ ነው፤ ነገ በዚህ መንገድ ይመለስ አይመለስ አያውቅም። መካኒኩ «ነገ ደንበኛዬ ይሆናል» ብሎ የሚጠነቀቅበት ምክንያት ጠፍቷል፤ ሹፌሩም «ዛሬ ሠርቶልኝ ነገ እከፍለዋለሁ» የሚልበት ፊት የለውም። ሁለት ስም የለሾች ሲገናኙ እምነት በምን ይጀምራል? ጥያቄው ጥርት ብሎ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድም ስምም ሳይኖር የሚቀረው ሥራው ራሱ ነውና።

ሥራውን ለማንበብ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያው ምልክት መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት መጠየቁና ማዳመጡ ነው። ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? ሲበርድ ነው ወይስ ሲግል? ናፍጣው የተቀዳው ከየት ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሕመሙን እየፈለገ ነው። ዐዋቂው የጭሱን ቀለም ያያል፤ ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን፣ ነጩ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ መኖሩን ይጠቁማል። ሞተሩ እየሠራ የየሲሊንደሩን የናፍጣ ቧንቧ በየተራ ላላ እያደረገ ያዳምጣል፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ የሚለወጥበት ሲሊንደር ጤነኛ ነው፤ ምንም የማይለወጥበት በሽተኛው ነው። የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ ወተት የመሰለ ነገር ካየ ውኃ ገብቷል ይላል። ይህን ሁሉ ባለቤቱ ቆሞ ሊያየው ይችላል። ቃል ሳይጨርሱለት «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ግን የራሱን ገበያ እንጂ የመኪናውን ሕመም አልሰማም።

ሁለተኛው ምልክት አሮጌውን ዕቃ ሳይጠየቅ ማስረከቡ ነው። የተበላ ኩሽኔታና የተሰበረ ፋሻ በእጅ ሲያዙ ይናገራሉ። የዕቃውን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ለይቶ የሚናገር፣ ባለቤቱ ከፈለገ ዕቃውን ራሱ እንዲገዛ የሚፈቅድ ሰው የሚደብቀው ጥቂት ነው። ኦሪጅናልና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በአንድ መደርደሪያ በሚሸጥበት ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሐላ ግን ከምልክቶቹ አይቆጠርም። «ወላሂ» እና «እግዚአብሔርን» በድንበሩ ላይ ከናፍጣ ይልቅ በርካሽ ይገኛሉ፤ አሮጌው ዕቃ ከመሐላ የተሻለ ምስክር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ምልክት «አላውቅም» ማለት መቻሉ ነው። «ይህ የፖምፓ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እሱ ዘንድ ውሰደው» የሚል ሰው የዛሬ ገቢውን ለእውነቱ ሲል ትቷል። ሐቀኝነት በሚያስከፍለው ዋጋ ይለካል ከተባለ በወርሻ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

እዚህ ላይ ለመካኒኩም ፍትሕ ሊደረግለት ይገባል፤ ብልሽት ሁሉ ማታለል አይደለም። በገዳሪፍ ቆላ ላይ በልኩ የተስተካከለ ፖምፓ፣ ሞተሩ ቱርቦ ከሌለው፣ አይከል ዳገት ሲደርስ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ምክንያቱም በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከገዳሪፉ በመጠን ከመቶ 10 እጅ በላይ ያነሰ ሲሆን ፖምፓው ግን የሚልከው ናፍጣ ያው የቆላው ልክ ነው። የጎንደሩ መካኒክ አይቶ «የገዳሪፉ አታልሎሃል» ይላል፤ ናፍጣውንም ይቀንሳል። መኪናው ቆላ ሲመለስ ጉልበት ያጣል፤ የገዳሪፉ ደግሞ «የጎንደሩ አበላሸብህ» ይላል። ሁለቱም ለቆሙበት መሬት ልክ ናቸው። ባለ መኪናው ሁለት ሌቦች ያገኘ መስሎት ይበሳጫል እንጂ ሁለት ሐቀኞች እንደገጠሙት አያውቅም። ከውጤቱ ብቻ ተነሥቶ የሰውን ልብ መፍረድ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ይህ አንዱ ማሳያ ነው።

እስከዚህ ድረስ ዳኝነቱ ሁሉ በመካኒኩ ላይ ነበር፤ ሚዛኑ ሌላም ወገን አለው። ብዙ ጊዜ ባለ ንብረቱ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ በስልክ ይቆጣጠራል፤ መኪናውን ወርሻ የሚያስገባው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ከመካኒኩ ኮሚሽን ከጠየቀ መካኒኩ ያን ገንዘብ ከየት ያመጣዋል? ከማይለወጥ ዕቃ «ተለወጠ» ብሎ ነው። ባለ ንብረቱ ደግሞ ሦስት ወርሻ አስጠይቆ ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ ይመርጣል፤ «እስከ ነገ ጠዋት ጨርሱት» ይላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና ጥገናው መንገድ ላይ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ግን የሚረገመው መካኒኩ ብቻ ነው። ባለቤቱ በዋጋው ውስጥ የንጹሕ ሥራ ጊዜ አለመኖሩን እያወቀ ንጹሕ ሥራ መጠበቁ ራሱ አንድ ዓይነት ማታለል ነው።

የነገሩ ስለት የሚታየው ግን ፍሬን ላይ ሲደርስ ነው። መካኒኩ ለሌላ ሥራ ጎማ ፈትቶ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን አየ እንበል። ለባለ ንብረቱ ስልክ ይደውላል። «አሁን ገንዘብ የለም፤ ይህን ጭነት ያድርስና በሚቀጥለው ይሠራል» ይባላል። መኪናው ሰሊጥ ጭኗል፤ በላዩም እንደ ልማዱ መንገደኛ ይሳፈራል። ከፊቱ ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር የሚወርደው ቁልቁለት አለ። ፍሬን እየተረገጠ ሲወረድ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ያጣል፤ ያለቀ ሸራ ያለው ደግሞ ፈጥኖ ያጣል። መካኒኩ ጎማውን መልሶ አሥሮ መኪናውን ሊለቅ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

«ንብረቱ የባለቤቱ ነው፤ የተነገረኝን መሥራት ብቻ ነው የእኔ ፋንታ» የሚል መልስ አለ። ንብረቱ የባለቤቱ መሆኑ እውነት ነው፤ በጭነቱ ላይ የተቀመጠችው እናትና በመንገዱ ዳር ከብት የሚነዳው ልጅ ግን የባለቤቱ ንብረት አይደሉም። መካኒክ የመረጠ ሰው ለራሱ ብቻ አይመርጥም፤ ላልመረጡትም ይመርጣል። «እኔ ባልለቀው ሌላው ይለቀዋል» የሚል ሁለተኛ መልስም አለ፤ እሱም እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላው ሊሠራው የሚችል በደል ግን በዚህ ምክንያት የራስን እጅ አያነጻም። ሦስተኛው መልስ ከሁለቱ ይከብዳል፤ መካኒኩ ደንበኛውን ካጣ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህ በባዶ ስብከት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባቢሎንን የገዛው ሐሙራቢ ይህን ዓይነቱን ጉዳይ በሕግ ሊቋጨው ሞክሮ ነበር። ጀልባ የሚያስጠግን ሰው ጀልባው በዚያው ዓመት ነውር ከታየበት ሠሪው በራሱ ወጪ እንደገና እንዲያጠነክረው ያዛል። ሕጉ ከ3,700 ዓመት በፊት የተረዳው ነገር ደንበኛው የማያየውን ሥራ ሠሪው ራሱ ሊዋስለት እንደሚገባ ነው። ዛሬም በቃል ብቻ ይሁን እንጂ «በዚህ ወር ውስጥ ቢመለስ የእጅ ዋጋ አልቀበልም» የሚል መካኒክ ይህንኑ ጥንታዊ ዋስትና እየሰጠ ነው። ስም በሌለበት ጊዜ እንዲህ ያለው ቃል የስም መጀመሪያ ይሆናል።

ለፍሬኑ ጥያቄ ግን ዋስትና አይበቃም፤ ሬሳ በነጻ አይጠገንምና። መካኒኩ ቢያንስ አንድ ሊቀነስ የማይችል ግዴታ አለበት፤ ያየውን መናገር። ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በመሪው ለሚቀመጠው ሹፌርም፣ ሌላ ሰው በተገኘበት፣ በግልጽ መናገር። ከቻለም መኪናውን አለመልቀቅ። ይህን ሲያደርግ ግን ብቻውን ሊተው አይገባም። ጎረቤቱ ያለው ወርሻ ያንኑ መኪና ተቀብሎ ጎማውን አሥሮ ከለቀቀው የመጀመሪያው ሰው ሐቀኝነቱ ቅጣት ሆኖበታል። ባለ መኪኖችም በሻይ ቤት ስለ እሱ ሲያወሩ «አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያት ያበዛል» ካሉ ቅጣቱን አጽድቀዋል። «እሱ ፍሬን ሲያልቅ አይለቅም» ብለው ካወሩለት ግን ያጣውን ደንበኛ በሌላ መልሰውለታል። በስደት ስሙን ላጣ መካኒክ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም።

ስለዚህ ታማኝ መካኒክ የሚፈልግ ሰው ወርሻ ለወርሻ ከመዞሩ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ነገር አለ። መካኒኩ እውነቱን ቢነግረው ሊሰማው ይችላል? «ዛሬ አትወጣም፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ዋጋውም ይህ ነው» ሲባል ቁልፉን ነጥቆ ወደ ሚቀጥለው ወርሻ የሚሄድ ሰው ለዓመታት ቢፈልግ የሚያገኘው የሚፈልገውን የሚነግረውን ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ የሚጠብቅ፣ አሮጌውን ዕቃ ተቀብሎ የሚያይ፣ የእጅ ዋጋውን ሳይሸራርፍ የሚከፍል ሰው ደግሞ በማያውቀው ከተማ ውስጥ እንኳ ታማኝ ሰው ሊያገኝ ይችላል። ቢያንስ መካኒኩ ታማኝ ለመሆን ቢፈልግ የሚከለክለው እሱ አይሆንም።